ቆራሌውና ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች የቅዳሜ ጠዋት የራሱ ድምፅ አለው። ገና ቁርስ ሳይነሣ «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ከአጥር ውጭ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ «ልዋጭ!» የሚል ሌላ ጥሪ ይከተላል። የመጀመሪያው ስያሜ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ሐረግ እንደ መጣ ይነገራል። ቆራሌው ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጄሪካንና የመሳሰለውን በገንዘብ ይገዛል። ልዋጭ ባዩ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ብርጭቆ፣ ሳህን ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። ጥሪዎቹን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቃቸው እንደ ዶሮ ጩኸት ለምደናቸው፣ ከመስማት ብዛት መስማት ትተናቸዋል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። በጀርመን ሀገር የዶክትሬት ትምህርታችንን አጠናቅቀን በተመለስንበት ዓመት ስለ አካባቢ ጥበቃ ለተማሪዎች ንግግር እንድናደርግ ተጋብዘን ነበር። እዚያ ሳለን ያነሣናቸውን ፎቶግራፎች አሳየን፤ ለወረቀት ሰማያዊ በርሜል፣ ለማሸጊያ ቢጫ፣ ለምግብ ትራፊ ቡናማ። ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ተቀብሎ የመያዣውን ገንዘብ የሚመልሰውን ማሽንም አሳየን። ጀርመን አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግሉ የመጠጥ ዕቃዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መያዣ ታስከፍላለች፤ ዛሬ መያዣው ለአንዱ ዕቃ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። «እነርሱ የት ደርሰዋል፣ እኛ የት ነን!» በሚል ቁጭት ንግግራችንን ስንደመድም ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ እኛ ቤት ይህን ሁሉ የሚወስደው ቆራሌው ነው። እርሱ ከቢጫው በርሜል በምን ይለያል?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኛም አብረን ሳቅን፤ የረባ መልስ ግን አልሰጠንም። ዛሬ ስናስበው ያ ሳቅ ያሳፍረናል። ጥያቄው እውነተኛ የፊዚክስ ጥያቄ ነበርና። ዘግይቶም ቢሆን መልሱን በዚህ ገጽ ለማቅረብ እንሞክራለን።

ሰርገኛ ጤፍ

ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብለን በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል። እንዲህ ከሆነ አንድን ዕቃ «ጣልነው» ስንል የጠፋው ምንድን ነው? የተጣለው ጣሳ ውስጥ ያለው ብረት አሁንም ብረት ነው። የተቀደደው ደብተር ወረቀትነቱን አልተወም። የሙዝ ልጣጩም ቢሆን ለአፈር የሚሆን ንጥረ ነገሩን እንደ ያዘ ነው። ሁሉም አለ። ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ፌስታል ውስጥ አድርገን የሻይ ዝቃጭ ስናፈስባቸው ቆሻሻ ይሆናሉ። ስለዚህ የጠፋው ቁሱ አይደለም፤ የጠፋው መለያየቱ፣ ማለትም ሥርዓቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ እህል በረንዳ እንሂድ። አንድ ቁና ነጭ ጤፍና አንድ ቁና ቀይ ጤፍ በአንድ ከረጢት ጨምረን ብናወዛውዝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰርገኛ ይሆናል። ያንኑ ከረጢት ዓመቱን ሙሉ ብናወዛውዘው ግን ነጩ በአንድ ወገን፣ ቀዩ በሌላ ወገን ተለይቶ አናገኘውም። ይህን የሚከለክል ተአምር የለም። ፍሬዎቹ ተቀላቅለው ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች ተለይተው ከሚቀመጡባቸው መንገዶች ጋር ሲነጻጸሩ ለመቁጠር የሚያዳግቱ ብዙ ናቸው። ተፈጥሮ ለብዙኃኑ ታደላለች። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን የመቀላቀል መለኪያ ኤንትሮፒ ይሉታል፤ ብቻውን በተተወ ነገር ውስጥ ኤንትሮፒ አይቀንስም የሚለውንም ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ይሉታል። ገበያተኛዋ ሕጉን በስሙ ባታውቀውም በዋጋ ታውቀዋለች። ነጩ ጤፍ ሰርገኛ ሲሆን ዋጋው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነጩን መልሶ ልልቀም የሚል ሰው አይገኝም።

የማክስዌል በረኛ

እዚህ ላይ ትምህርቱን በደንብ ያጠና ተማሪ ሊሞግተን ይገባል። «ጣሳና ጠርሙስ ሞለኪውሎች አይደሉም፤ የእነርሱ ኤንትሮፒ ከምንም አይቆጠርም» ቢለን እውነት አለው። እስቲ እናስላው። በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ 1,000 ዕቃዎች አሉ እንበል፤ ግማሾቹ ብረት፣ ግማሾቹ ፕላስቲክ ናቸው። እነርሱን ለመለየት ተፈጥሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ሥራ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በኬልቪን በተለካ የክፍሉ ሙቀት፣ በ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝምና በ1,000 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ውጤቱ የአንድ ጁል ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ትንኝ ክንፏን አንድ ጊዜ ለማርገብገብ ከዚህ እጅግ የበዛ ኢነርጂ ታወጣለች።

ስለዚህ ተፈጥሮ ለመለየት የምታስከፍለን ቀረጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ ዓለም ሁሉ ቆሻሻ መለየት ለምን ከበደው? መልሱ በአንድ አሮጌ የሐሳብ ሙከራ ውስጥ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በጋዝ የተሞላና በመካከሉ ትንሽ በር ያለው ሳጥን አሰበ። በበሩ ላይ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ፍጥነት የሚያይ በረኛ አቆመ። በረኛው ፈጣኑን ወደ አንዱ ክፍል፣ ዘገምተኛውን ወደ ሌላው እያሳለፈ ያለ አንዳች ድካም ሙቁን ከቀዝቃዛው ይለያል። ሁለተኛውን ሕግ የሚጥስ የሚመስለው ይህ በረኛ በኋላ «የማክስዌል ጋኔን» የሚል ስም ወጣለት። የፊዚክስ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ከቆየ በኋላ፣ ሊዮ ዚላርድ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ሮልፍ ላንዳወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሟቸው ሥራዎች የምስጢሩ ቁልፍ ወደ መረጃ ዞረ። በረኛው የሚለየው ስለሚያውቅ ነው፤ ማወቅና ያወቁትን መዝግቦ መደምሰስ ደግሞ በነፃ አይገኝም።

ከዚህ የምንማረው ነገር ለጓዳችንም ይሠራል። የመለየት ዋጋው ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ በማወቁና በሚያነሣው እጅ ላይ ነው። የሻይ ዝቃጩን በአንድ እጃችን፣ ባዶውን ጣሳ በሌላው ይዘን ስንቆም የትኛው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያ ዕውቀት አንድ ሳንቲም አላስወጣንም። ሁለቱን በአንድ ፌስታል ውስጥ ስንጨምር የምንጥለው ከሁሉ በፊት ይህንኑ ዕውቀት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ሰው ፌስታሉን ቀዶ፣ እጁን አስገብቶ፣ እኛ በነፃ የነበረንን ዕውቀት በጣቶቹ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።

ቆራሌው የእኛ የማክስዌል በረኛ ነው። ልዩነታቸው ጋኔኑ ሥጋ የሌለው መሆኑ ነው። ቆራሌው ግን በብርጭቆ ይቆረጣል፣ በመርፌ ይወጋል፣ ይርበዋልም።

ስለ ዕውቀቱ አንድ ምስክርነት እንጨምር። አንድ ቅዳሜ እናታችን የተበሳ ድስት፣ የዛገ ምጣድና ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ቱቦ ይዘው በር ላይ ሲከራከሩ ደረስን።

«ኧረ ጨምር ልጄ፣ ይህ እኮ መዳብ ነው።»

«እማማ፣ ላዩ ነው መዳብ የሚመስለው፤ ውስጡ ብረት ነው።»

ወጣቱ ቱቦውን በእጁ መዘን መዘን አደረገው፤ በሚስማር ቧጨረው፤ በድንጋይ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያም ከኪሱ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት አውጥቶ አስጠጋበት፤ ቱቦው ማግኔቱን ሳበው። ድስቱን አንሥቶ ግን ያለ ማግኔት «አሉሚኒየም» አለ። የአሉሚኒየም እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም፣ የብረት 7.9፣ የመዳብ 9 ገደማ ነው። እኛ በቤተ ሙከራ ይህን ለመለካት ሚዛንና የተመጠነ ብርጭቆ አቅርበን፣ የስሕተት መጠን አስልተን፣ ሁለት ሰዓት እንፈጃለን። እርሱ በግማሽ ደቂቃ ጨረሰ። የዚያን ዕለት እናታችን ክርክሩን ተረቱ፤ እኛም አብረን ተረታን።

ከቀለጠ በኋላ መለየት የለም

አሁን ዕቃው ከቆራሌው ማዳበሪያ ወጥቶ ወደ መርካቶ፣ ከዚያም ወደ ማቅለጫ ሲሄድ እንከተለው። ከአንድ ኪሎ አሉሚኒየም በላይ የምንናገረውን የሚያስረዳ ነገር የለም። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1886 የተገኘው የኤሌክትሮሊሲስ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለአንድ ኪሎ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። አንድ ጊዜ የተሠራውን ግን ከክፍል ሙቀት አንሥቶ እስከ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ለማቅለጥ በንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ምድጃ ብዙ ሙቀት ስለሚያባክን በተግባር ከዚህ እጥፍ ድርብ ይወጣል። ያም ሆኖ ከማዕድን ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህሉ ኢነርጂ ይድናል። የእናታችን የተበሳ ድስት፣ እንግዲህ፣ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ትርፍ የሚገኘው ግን ድስቱ ብቻውን ከቀለጠ ነው። ጣሳና ጠርሙስን ለመለየት ተፈጥሮ ምንም አታስከፍልም ብለናል፤ ከቀለጡ በኋላ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ የተቀላቀሉት አተሞች ናቸውና። በሀገራችን ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው የግንባታ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። ከቁርጥራጩ ጋር የሞተር ሽቦ ተደባልቆ ከገባ መዳቡ በብረቱ ውስጥ ይሟሟል፤ በተለመደው የብረት ማቅለጥ ሥራም መልሶ አይወጣም። መጠኑ ሲበዛ ብረቱ በትኩስነቱ ሲዳመጥ ይሰነጣጠቃል። የውኃ ጠርሙስ በሚሠራበት ፒኢቲ በተባለው ፕላስቲክ ውስጥ ጥቂት ፒቪሲ ቢቀላቀል ሲቀልጥ አሲድ አውጥቶ ሁሉንም ያበላሸዋል። ከዚህ የሚከፋም አለ። በካሜሩንና በሌሎች ታዳጊ ሀገሮች ከቁርጥራጭ በሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከድስቱ ወደ ምግቡ የሚገባ እርሳስ አግኝተዋል። ያልተለየ ቁርጥራጭ ዞሮ ወደ ወጣችን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ቅርፅም ሀብት ነው

እስካሁን የተናገርነው አቅልጦ መልሶ ስለ ማምረት ነው። ከዚህ የሚበልጥ መንገድ ግን አለ፤ እርሱም ዕቃውን እንዳለ መልሶ መጠቀም ነው። ምክንያቱ ያው ነው። ሥርዓት ማለት ቁሶች መለያየታቸው ብቻ አይደለም፤ ቅርፅም ሥርዓት ነው። ጠርሙስን ስንሰብር ብርጭቆው አይጠፋም፤ የጠፋው ጠርሙስነቱ ነው። ያንን ለመመለስ እስከ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ምድጃ ያስፈልጋል። ጠርሙሱን ሳይሰብሩ ለመመለስ ግን ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃል።

ለዚህም ሩቅ ሀገር መሄድ አያስፈልገንም ነበር። በጀርመን ማሽን ፊት ቆመን ስንደነቅ፣ በሀገራችን የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ በሳጥን እየተመለሰ፣ እየታጠበና እየተሞላ ለአሥርተ ዓመታት መኖሩን ረስተን ነበር። ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ ለስላሳ ሊገዛ ሄዶ ባለሱቁ «መያዣ አምጣ» ያለው ልጅ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። የፕላስቲኩም ጠርሙስ ቢሆን በእናቶቻችን ቤት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ አይጣልም። ከአንድ የታሸገ ውኃ ስም «ሃይላንድ» ተብሎ የቀረው ይህ ጠርሙስ ዘይት፣ ጠላ፣ ፀበል፣ ነጭ ጋዝ ሲይዝ ይኖራል። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ብንገባ ደግሞ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከጎማ በረባሶ፣ ከጣሳ ኩራዝና መቅጃ ሲሠራ እናያለን። እነዚህ ባለእጆች ምን እንደሚያድኑ ብንጠየቅ፣ ቁሱን ብቻ ሳይሆን ከቅርፁም የሚተርፈውን ያህል ያድናሉ ብለን እንመልሳለን።

ይህን ስንል የራሳችንን ቤት እንፈትሽ። በአንድ የትምህርት ተቋም መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቆልፈው የቆዩ የቤተ ሙከራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማቅረቢያዎችን ለማየት ፈቃድ አግኝተን ነበር። በመዝገብ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብለዋል፤ ለማስወገድ የሚያስፈልገው ፊርማ ባለመሟላቱ አልተወገዱም፤ የተወገደ ዕቃ ስለማይጠገንም አልተጠገኑም። ከተማሪዎቻችን ጋር ሦስቱን ከፈትን። የሁለቱ በሽታ ያበጠ ካፓሲተር ነበር፤ ከአንድ የተበላሸ ሬዲዮ ነቅለን ተካንላቸው፤ ሠሩ። የሦስተኛው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበርና ለሽቦው ስንል ፈታነው። ተማሪዎቹ በዚያ ከሰዓት በኋላ ስለ ኃይል ማቅረቢያ የተማሩት እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአንድ ወር ካስተማርናቸው ይበልጥ ነበር። ምናለሽ ተራ ቢሆን ዕቃው አንድ ሳምንት አይቆለፍበትም።

የምናሞግሰው ሁሉ ደግ አይደለም

በዚህ ላይ ግን ድህነትን ማሞገስ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። «ቆራሌው የሚኖረው ሀገሩ ድኻ ስለሆነ ነው፤ ይህ ምን ያኮራል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሥራው አማርጦ የተያዘ አይደለም፤ ደመወዝ፣ የሕክምና ዋስትና፣ ጓንት እንኳ የለውም። በየሰፈሩ በር ላይ በጥርጣሬ ዓይን የሚታይና አንድ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ስሙ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነው።

መልሶ መጠቀምም ሁልጊዜ በጎ አይደለም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ውኃና ዘይት ሊያዝበት አይገባም። ከሽቦ ላይ መዳብ ለማውጣት ላስቲኩን በሜዳ ማቃጠል ዳዮክሲን የተባለውን ብርቱ መርዝ ያስወጣል። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በጓሮ ከሰል ላይ ማቅለጥ ይቻላል፤ ቀላልነቱ ነው አደጋው። ትነቱና አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ሸምበቆ መሰሉ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለው። እነዚህን የቆራሌው ጥፍርና ማግኔት አይለያቸውም፤ የኬሚስትሪ ዕውቀትና የሕግ ጥበቃ ይፈልጋሉ።

የተቀላቀለውን ሁሉ አንድ ቦታ መከመር ምን እንደሚያስከትልም አይተናል። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ፣ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ከ110 የሚበልጡትን ቀበረ። ከዚያ ክምር ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ብዙዎች ነበሩ። እኛ በጓዳችን ያልለየነውን ለመለየት ነበር ወደዚያ የወጡት።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። የምሕንድስናውን ጥረት እናደንቃለን፤ ፊዚክሱን ግን እናስታውስ። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ እርጥብ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ አፍልቶ ለማትነን 2.6 ሜጋ ጁል ያህል ይፈጃል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ከመሆኑ በፊት በእንፋሎት የሚሄድ ነው። ደረቁ ብቻውን ቢመጣ በደንብ ይነድ ነበር፤ እርጥቡ ብቻውን ቢቀር ብስባሽ ሆኖ ለአፈር ይጠቅም ነበር። ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ጥቅም ያበላሻል። ሰርገኛ ጤፍ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የእያንዳንዱ ቤት ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። ስንቶቻችን ሰማን? ስንቶቻችንስ ፈጸምን? በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ከልክሏል። ሕግ በራሱ አይለይም፤ የሚለየው እጅ ነው። ስለዚህ የእኛ አስተያየት በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ በየቤቱ ሁለት ዕቃ ይቀመጥ፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። ባለ ቀለም በርሜል መግዛት አያሻም፤ አሮጌ ባልዲና ማዳበሪያ ይበቃሉ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭና መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጡ። ይህ የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን የሰው እጅ ነው። «ቆራሌው ይለየው የለ፣ እኔ ምን አደከመኝ?» ለሚል ሰው መልሳችን ይህ ነው፤ እርሱ የሚለየው ባለማወቅ ጀምሮ ነው፤ እርስዎ ግን አስቀድመው ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ቆራሌው ከሥርዓቱ ውጭ እንዳለ ሰው መታየቱ ይቁም። የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ ሲወጣ ከተማውን ጎዳና በጎዳና የሚያውቅ፣ ያለ ማንም ድጎማ የቆመ የሰበሳቢዎች መረብ እንዳለን ተቆጥሮ ይውጣ። ጓንት፣ መታወቂያ፣ ስለ ባትሪና ስለ መርዛማ ዕቃዎች አጭር ሥልጠና መስጠት አዲስ ማሽን ከማስመጣት እጅግ ይቀላል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። የምትማሩት ሳይንስ የሚጀምረው ከመለካት ነው። ከመኝታ ክፍላችሁ ወይም ከቤታችሁ የሚወጣውን ቆሻሻ ለአንድ ሳምንት እየለያችሁ መዝኑ፤ እርጥቡ ስንት፣ ወረቀቱ ስንት፣ ፕላስቲኩ ስንት፣ ብረቱ ስንት እንደሆነ በሠንጠረዥ አስፍሩ። ከዚያም የአሉሚኒየሙን ክብደት በ14 ኪሎዋት ሰዓት አባዝታችሁ ስንት ሰዓት አምፖል እንደሚያበራ አስሉ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ስለ ባትሪው፣ የባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ብስባሹ፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ፕላስቲክን ከፕላስቲክ በእፍጋት ስለሚለይ ርካሽ መሣሪያ አስቡ። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የጠርሙስ ክዳንና የሚሰምጠው ጠርሙስ እንኳ ለመጀመሪያው ሙከራ ይበቃሉ። ውጤቱን ለመጽሔቱ ብትልኩ እናስተናግዳለን።

ከኋላ ወንበር ለጠየቀን ተማሪ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ቢጫው በርሜል አያውቅም፤ የተጣለበትን ተቀብሎ ይቆማል፤ የሚያውቀው ጣዩ ሰው ነው። ቆራሌው ግን ያውቃል። በጀርመን ያየነው በርሜል የሠራው ጣዮቹ ዕውቀታቸውን ከዕቃው ጋር ስላልጣሉ ነው። እኛ ደግሞ አዋቂ በራችን ድረስ እየመጣ ሲጠራን ኖረናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሪው ሲሰማ በሩን እንክፈት፤ የለየነውን ይዘን እንውጣ፤ ስሙንም እንጠይቀው።